ላሙሳ የካዳት ባዝራ

«ሦስት ሚሊዮን ፍራንክ ውጦ ያደረ ሰው፣ ዛሬ ጠዋት የሳሙና መግዣ ስጠኝ ብለው ኪሱን እየዳበሰ የለኝም አለኝ» አለች ኦዴት። «ሞኝ መሰልኩት። ወንድ ልጅ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚደብቀው ከሚስቱ ነው። ከዚያ ለማን እንደሚያወጣው አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ለአዲሷ ነዋ» አለች ጎረቤቷ ባልዲዋን ከቧንቧው ሥር እየጎተተች። «ለአሮጊቷ አደንጓሬ፣ ለአዲሷ ፍሪጅ።»

ላሙሳ ይህን ሲሰማ ራቁቱን ነበር፤ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል። በዋጋዱጉ ከተማ ጉንጊን ሰፈር አምስት ቤተሰብ የሚጋራው የዚህ ግቢ መታጠቢያ ቤት ጣሪያ የለውም። የብሎኬት አጥሩ እስከ ትከሻ ብቻ ስለሚደርስ ጎንበስ ብሎ የሚታጠብ ሰው አይታይም፤ ቧንቧው አጠገብ የሚወራውን ግን አንድ ሳይቀር ይሰማል። ኦዴት እሱ እዚያ መኖሩን ታውቃለች። ፎጣውን አጥሩ ላይ የሰቀለችለት ራሷ ናት። መልእክቱን በጎረቤቷ ጆሮ በኩል እየላከችለት ነው። ውሃውን በራሱ ላይ ቸለሰው። የጥር ነፋስ ከበረሃው ጠርጎ ያመጣው አቧራ ሰማዩን ስላለበሰው ፀሐይዋ የምታበራ እንጂ የምታሞቅ አልነበረችም፤ ውሃው አጥንት ድረስ ዘለቀው። ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ «አላሸነፍኩም» ማለት ይችል ነበር። አንድ ቃል ነው። ቃሉ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ፣ ሊተፋው ሲል ይበልጥ ይገባል።

ላሙሳ ከሰኞ እስከ ዓርብ መኪና ማሽከርከር ያስተምራል። ሁለት ፍሬን ባለው አሮጌ መኪና ውስጥ፣ በተማሪው ቀኝ ተቀምጦ፣ ቀኑን ሙሉ የሰውን ድንጋጤ በእግሩ ሲያቆም ይውላል። ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ነው። ገበያው ጥግ ባለው የፈረስ ውርርድ ኪዮስክ ስሙ «ዶክተር» ነው። ፈረሶቹ ትንሽ ጋሪ እየጎተቱ የሚሮጡት ፈረንሳይ አገር ነው፤ ኪዮስኩ ጥላ ሥር ከሚሰበሰቡት መካከል ያን አገር የረገጠ የለም፤ ሆኖም የትኛው ፈረስ ጭቃ እንደሚወድ፣ የትኛው ጋሪ ነጂ መጨረሻው ላይ እንደሚፈራ፣ የትኛዋ ባዝራ የኋላ እግሯ ብረት ጫማ ሲወልቅላት እንደምትበር፣ የእህታቸውን ልጆች ስም ከሚያውቁት በላይ ያውቁታል። ከሁሉም ደግሞ ላሙሳ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህ ሰው የሚስቱን የልደት ቀን አያውቅም፤ ዱሴት የምትባል ዘጠኝ ዓመት የሞላት ባዝራ ባለፈው ዓመት በየትኛው ሜዳ ላይ ስንተኛ እንደገባች ግን እንደ ጸሎት ያነበንበዋል።

ትናንት፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ይህቺን ዱሴትን አንደኛ ትገባለች ብሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ ተናገረ። ቁጥሯ አሥራ አራት ነበር። እስካሁን የተሸነፈችው ደረቅ ሜዳ ላይ ከነጫማዋ ስትሮጥ ነው፤ ዛሬ እዚያ ዝናብ ጥሏል፤ ጫማዋም ወልቋል፤ ማንም አያያትም፤ ስለዚህ የምትከፍለው ብዙ ነው፣ አለ። ከእሷ ኋላ የሚገቡትን አራቱን ቁጥሮችም ጮክ ብሎ ቆጠረ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ቶኤ ነው። ቶኤ በጎሳው ሳሞ ነው፤ ላሙሳ ደግሞ ሞሲ። ሳሞና ሞሲ ሲገናኙ መሰዳደብ ከአያቶች የወረደ መብታቸው ነው፤ የሚቆጣም ነውረኛ ይባላል። ቶኤ ላሙሳን በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

«አሽከሬ!» አለው። «ይቺ እኮ ለሾርባ እንኳ አትሆንም፤ ጥርስ ታነቅላለች! እናንተ ሞሲዎች ፈረስ ጋልበን አገር ያዝን ትላላችሁ፤ ፈረሱ ነው እንጂ እናንተን የያዛችሁ!»

አብሮት ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፤ ኩካ የሚባል የጥበቃ ሥራ ጡረተኛ። ሽማግሌው ቁጥሮቹን እጁ መዳፍ ላይ በስክሪብቶ ጽፎ ወደ መስኮቱ ሄደ።

ላሙሳም ሰልፉ ውስጥ ገባ። ከኋላው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከዚህ ሰፈር ያልሆነ ሰው ስልክ እያወራ ነበር። «ሳል? አሥራ አራት ቁጥር?» አለ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ላሙሳ በሚሰማው ልክ ብቻ ዝቅ አድርጎ። «እዚያው በረቱ ውስጥ ነህ? ሌሊቱን ስታስል አደረች? እሺ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ።» ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሰማይ ሰማይ አየ። መስኮቱ ሊዘጋ ነው፤ ሻጩ «ቶሎ በሉ» ይላል። በዚያች ቅጽበት ላሙሳ የዓመታት ጥናቱ ሁሉ ከአንድ የማያውቀው ሰው ጆሮ ግንድ ላይ ከተለጠፈ ስልክ አነሰበት። አሥራ አራትን አውጥቶ፣ ሁሉም ሰው የሚጫወተውን፣ ቁጥሩ ሦስት የሆነውን ፈረስ በቦታው አስገባ። ይህን ያየ ማንም የለም።

ባዝራዋ አንደኛ ገባች። አራቱም እሱ ባለው መሠረት ተከትለዋት ገቡ። ቀዳሚዋ የሌለችበት ቲኬት ደግሞ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ኪዮስኩ ተናወጠ። ላሙሳን ከመሬት አነሱት፤ ቶኤ እንደ ሕፃን ተሸክሞት ዞረ፤ ወደ ቢራ ቤቱ ወሰዱትና ቀዝቃዛ ጠርሙስ እጁ ላይ አስቀመጡለት። መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው። ግን ምን ይበል? ዕድል አልቀናኝም ቢል ሰው ያዝንለታል፤ ፈራሁ፣ የራሴን ባዝራ በሰው ወሬ ካድኳት ቢል ግን ከእንግዲህ ዶክተር የሚለው ማን ነው? ፈገግ አለ። ቢራውን ጠጣ። ሁለተኛውንም ጠጣ። ከዚያ በኋላ ቃሉ ከባድ ሆነ።

አሁን ፎጣውን አገልድሞ ከመታጠቢያ ቤቱ ሲወጣ ጎረቤቷ ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው ውስጥ አልጋው፣ የአደንጓሬ ጆንያዎቹና ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን ተጣበዋል፤ በሌላው ውስጥ ኦዴት አደንጓሬ በሩዝ ቀቅላ በግቢው በር ላይ የምትሸጥባቸው ድስቶች ይደረደራሉ። ጠዋት ጠዋት የእሱን ድርሻ በሳህን አውጥታ፣ ከድና፣ መስኮቱ ሥር ታስቀምጥለታለች። ዛሬም ክዳኑ በቦታው አለ። ሲያነሳው ሳህኑ ታጥቦ ደርቋል።

«ቁርስ የለም?» አላት።

«ሚሊዮነር አደንጓሬ አይበላም። ሆቴል ሂድ።»

«ሚሊዮነር ነው ያለሽ ማነው?»

«ሰፈሩ። አንተስ ብትሆን ትናንት ማታ እንዴት ነው የገባኸው? ቢራ ቢራ እየሸተትክ፣ እያፏጨህ!»

እውነቷን ነው፤ ሲገባ አፏጭቷል። ለምን እንዳፏጨ እሱም አያውቅም። «ኦዴት፣ ነገሩ እንደምታስቢው አይደለም» ብሎ ጀመረና፣ ቲኬቱ ወዳለበት የሸሚዝ ኪሱ እጁን ሰዶ፣ መልሶ አወጣው። በቲኬቱ ላይ ያለው አሥራ አራት ሳይሆን ሦስት ነው። ያን ማሳየት ለሚስቱ ልቡን አውጥቶ ማሳየት ነው፤ እሷ ደግሞ ዛሬ በያዘችው ፊት ያገኘችውን ሁሉ ዘይት ውስጥ የምትጨምር ትመስላለች።

በዚህ መሐል ሽማግሌው ኩካ እግራቸው የታሰረ ሁለት ጅግሮች አንጠልጥሎ ግቢ ገባ። የእሑድ ልብሱን ለብሷል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ግቢው መሐል ቆሞ፣ አምስቱም ቤተሰብ እንዲሰማ፣ ጮክ ብሎ ምርቃት ጀመረ።

«እግዜር ይባርክህ ልጄ! ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብህ እኔ ብቻ ቃልህን ሰምቼ ተጫወትኩ። አምስቱም ገቡልኝ! ገንዘቡ የሚከፈለው ሰኞ ነው፤ እነዚህ ግን ከራሴ ግቢ ናቸው። ለአንተማ ምን ይጎድልሃል፣ ግን ባዶ እጄን አልመጣም ብዬ ነው። ሬዲዮው በዋጋዱጉ ከተማ ሁለት አሸናፊ አለ ብሏል። ሁለት! እኔና አንተ!»

«አባ ኩካ…» አለ ላሙሳ።

«አትናገር! ገብቶኛል። ገንዘብ ዝምታ ይወዳል።» ሽማግሌው ጅግሮቹን ለኦዴት ሰጣት። «የኔ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያለው ባል አታገኚም፤ ያዢው።»

ኦዴት ጅግሮቹን ተቀበለች። ሽማግሌው እስኪወጣ ድረስ ፈገግ ብላ፣ አመስግና፣ በር ድረስ ሸኘችው። ስትመለስ ፈገግታው የለም። ጅግሮቹን ላሙሳ እግር ሥር ጣለቻቸውና «ሁለት አሸናፊ» አለች በቀስታ። «ባዕድ ሽማግሌ ጅግራ ተሸክሞ መጣ። የኔ ባል ደግሞ የሳሙና የለኝም ይላል።» ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ልብሷን በጨርቅ ሻንጣ ስትጠቀጥቅ ተሰማ። የግቢው ሰዎች በየበራቸው ቆመዋል። አንዲት ሴት ልጇን «ና ግባ፣ የሰው ጉዳይ አትይ» እያለች ራሷ አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር።

ላሙሳ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ወጣ። የት እንደሚሄድ አላወቀም፤ መንገዱ ግን አወቀለት፤ ወደ ገበያው ጥግ ያዘ። ከግቢው እስከዚያ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ዛሬ ግን በየእርምጃው የሚያቆመው ሰው አገኘ። ግንበኛው ጠርቶት ወንድሙ በርካሽ የሚሸጠው መሬት እንዳለ ነገረው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ እንደሚያፈስ አስታወሱት። የቤት አከራዩ፣ ሰላም ብሎት የማያውቀው ሰው፣ ሰላም አለው። ሦስት ሚሊዮን የነበረው ገንዘብ ግንበኛው ጋ ስምንት ሆነ፤ ጎማ ጠጋኙ ጋ ሲደርስ አሥራ አምስት ሆኖ ቪላ ተጨምሮበት ነበር። «አላገኘሁም» ማለት የጀመረው ጎማ ጠጋኙ ጋ ነው። ጎማ ጠጋኙ ዓይኑን ጠቀሰው።

ስልኩ ጮኸ። የማሽከርከር ትምህርት ቤቱ ባለቤት ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለ ባለቤቱ። «እኔማ ከሰው መስማቴ ቅር አሰኝቶኛል፤ ግን ይሁን። ስማ፣ ቦታህን አታስብ። የሚስቴ ወንድም ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ስለነበር ከነገ ጀምሮ እንዲይዝልህ ነግሬዋለሁ።»

«ምን? ኧረ እኔ ምንም አላሸነፍኩም! ነገ እመጣለሁ!»

ሰውየው ሳቀ፤ ረጅም፣ ወዳጃዊ ሳቅ። «ጨዋታህን እወደዋለሁ። ለመሆኑ የራስህን ትምህርት ቤት የት ሰፈር ልትከፍት ነው? ከኔ ራቅ አድርገው እሺ? ጉንጊን ውስጥ እንዳላይህ።» የመጨረሻውን ሲል መሳቁን አቁሞ ነበር። ላሙሳ መልሶ ደወለ። አይነሳም። እንደገና ደወለ። ተዘግቷል።

ኪዮስኩ እሑድም ሰው አያጣም። ግማሹ የዛሬውን እሽቅድምድም ያጠናል፤ ግማሹ የትናንቱን ይለቅሳል። መሬቱ በተጣለ ቲኬት ነጭ ሆኗል። ላሙሳ ሞተሩን ሲያቆም ጨዋታው ቆመ። ቶኤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ኮላ ፍሬ ያኝካል። ላሙሳ ስድቡን ጠበቀ። ለካስ ከጠዋት ጀምሮ የናፈቀው እሱን ነው፤ «አሽከሬ፣ የሰረቅከውን ገንዘብ አምጣ!» የሚል አንድ ጥሩ ስድብ ቢሰማ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የሚመለስ መስሎት ነበር።

ቶኤ ብድግ አለ። እጁን ዘረጋለት። «እንደምን አደሩ አቶ ላሙሳ» አለ። «ባለቤትዎ ደህና ናቸው?»

አንድ ሳሞ ሞሲን በአክብሮት ሲያናግረው በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ከጀርባው ያሉት ሰዎች እንኳ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ቶኤ፣ ምን ነካህ?»

«ምንም አልነካኝም ጌታው። ትልቅ ሰው በትልቅነቱ ነው የሚያናግሩት።»

ላሙሳ ከዚህ በላይ አልቻለም። ከኪሱ ቲኬቱን አወጣና ቶኤ አፍንጫ ሥር ያዘው። «እየው! አንብበው! አሥራ አራት አለ? የለም! ሦስት ነው ያለው። መስኮቱ ላይ ለወጥኩት። ካድኳት። አንድ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ታስላለች ሲል ሰማሁና ፈራሁ። ይኸው! ደስ አለህ?»

ቶኤ ቲኬቱን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ይዞ አየው። ከዚያ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ እግሩ ሥር የተነጠፈውን ነጭ ወረቀት ተመለከተ፤ በጫማው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገው። ከዚያ ሁሉ ወረቀት መካከል ሦስት ቁጥር ያለበት የትናንት ቲኬት ለማግኘት ጎንበስ ማለት ብቻ ይበቃል። ቲኬቱን አጣጥፎ መለሰለት።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለ ቶኤ፣ አሁን ድምፁ የጓደኛ ሆኖ፣ ስለዚህም የባሰ። «አልሰጥም ማለት ትችላለህ። ገንዘቡ የጭንቅላትህ ነው። ‹ሳቃችሁብኝ፣ አታገኙም› ብትለን እንሰድብሃለን፣ ያልፋል። ግን ቢራዬን ጠጥተህ፣ ትከሻዬ ላይ ወጥተህ፣ ዛሬ መጥተህ ከመሬት ያነሳኸውን ወረቀት አታሳየኝ። እኔን እንደዚህ አትናቀኝ።»

«ሰውየውን ጠይቁት! ነጭ ሸሚዝ የለበሰው…»

«የትኛው ሰውዬ?»

ማንም ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አላስታወሰም። የቲኬት ሻጩም ተጠየቀና ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያየው እጅ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። በዚያን ጊዜ ላሙሳ ሽማግሌው የተናገረው ትዝ አለው፤ ሁለት አሸናፊ። አንዱ ኩካ ነው፤ ሁለተኛውስ? ሰውየው ከኋላው ነበር የቆመው። አሸናፊ ሲያንስ የእያንዳንዱ ድርሻ ይበዛል። የሰውየው ስልክ መጀመሪያውኑ ጮኾ ነበር? አልጮኸም። ደም ወደ ራሱ ወጣ፤ ግን ይህን ለማን ይናገራል? ቶኤ አግዳሚው ላይ ተመልሶ ተቀምጦ ለሌላ ሰው ስለ ዛሬው እሽቅድምድም ማውራት ጀምሯል። ያንን ሰው በስድብ ያጥረገርገዋል። ሰውየው ሞሲ ነበር።

አታናዝ የደወለው ያን ጊዜ ነው። አታናዝ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ይሠራል፤ ስብሰባ ይወዳል። «እማ ትፈልግሃለች። ሚስትህም እዚህ ናት። አሁን ና» አለና ዘጋው።

አታናዝ ግድቡ አጠገብ፣ ታንጊን ሰፈር ነው የሚኖረው። እናታቸው በክረምቱ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እሱ ጋ ናት፤ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት አትራመድም ብሏል። ስለ ቀዶ ሕክምናው ሲነሳ ሁሉም ሰው «እንዴታ!» ይላል፤ ከዚያ ወሬው ስለ ሌላ ነገር ይሆናል። ላሙሳ ሲገባ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወንበሮች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል፤ ከፊት ለፊታቸው ደግሞ አንድ ወንበር ብቻውን ቆሟል። እናቱ በአራቱም በኩል ትራስ ተደግፋ ሰፊ የሽቦ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አታናዝ ከጎኗ ነው። የአታናዝ ሚስት እሳቱ አጠገብ፣ ኦዴት ደግሞ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ አውቶቡስ መንገደኛ ዳር ላይ። ላሙሳ ብቻውን የቆመው ወንበር የእሱ መሆኑን ተረዳ።

አታናዝ ጉሮሮውን ጠረገ። የጀመረው ከአባታቸው ቀብር ነው። ላሙሳ ያኔ ምን ያህል አዋጣ? በእህታቸው ሠርግስ? ባለፈው ክረምት እማ ስትወድቅ ሐኪም ቤት ያደረሳት ማነው? ድምፁ አይጮህም፤ የሚያነብ ይመስላል። «ይህን ሁሉ ችለናል» አለ። «ሰው ድሃ ሲሆን ይቻላል። ግን ትናንት እግዜር ገንዘብ ሰጥቶህ፣ እናትህ በትራስ ተደግፋ እያየሃት፣ አልሰማሁም ብለህ ማደርህ… እኔ ለዚህ ስም የለኝም።»

«የዋለበትን እንኳ አልተናገረም» አለች ኦዴት፣ ወደ እሱ ሳታይ። «እኔ ከሰው ነው የሰማሁት። የኔን ተዉት፣ እኔ ሚስት ነኝ፤ ሚስት ትለወጣለች። እናት አትለወጥም።»

ላሙሳ ነገራቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ምንም ሳያስቀር ነገራቸው፤ አግዳሚው ላይ መውጣቱን፣ ሰልፉን፣ ስልኩን፣ ሳሉን፣ ሦስት ቁጥርን፣ ቢራውን። ለቶኤ ሲናገር ቁጣ ነበረበት፤ አሁን ቁጣው አልቋል። «ሰው ተሸክሞኝ ሲዞር አውርዱኝ ማለት አቃተኝ» አለ። «እሱ ብቻ ነው ጥፋቴ። አፈርኩ። ሥራዬን እንኳ አጥቻለሁ ዛሬ።» ቲኬቱን ለአታናዝ ሰጠው። አታናዝ አገላብጦ አየውና ለሚስቱ አቀበላት፤ ሚስቱ ለኦዴት፤ ኦዴት ሳታየው ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ፈጥረኸው ከሆነ ጥሩ ወሬ ነው» አለ አታናዝ። «በዚህ ዕድሜህ ግን…»

«እኔ አምኜዋለሁ» አለች እናታቸው።

ሁሉም ዞሩ። አሮጊቷ ስብሰባው ከተጀመረ ወዲህ አፏን ስትከፍት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አላሸነፈም። እኔ ነኝ የወለድኩት። ሲዋሽ አንገቱን ያካል፤ ዛሬ አላከከም። ሰው ታስላለች ስላለው የራሱን ጥሎ የሰው መያዝ ደግሞ ሌላ ማን ያደርገዋል? እሱው ነው።» አታናዝ ሊናገር ሲል በእጇ ከለከለችው። «ዝም በል አንተ። ብዙ ተናግረሃል።»

የላሙሳ ዓይን እንባ ሞላ። ኦዴት ቀና ብላ አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ፊቷ ላይ ጥርጣሬ ገባ፤ የጥርጣሬው አቅጣጫ ወደ ራሷ ነበር።

«እማ…» አለ።

«ቆይ» አለች አሮጊቷ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያቺ ባዝራ ወረቀትህ ላይ ብትኖር ኖሮ፣ ትናንት ማታ ወደዚህ ትመጣ ነበር?»

አፉን ከፈተ። «እንዴታ!» ለማለት ነው የከፈተው። ትናንት ግን፣ በኪዮስኩ ቴሌቪዥን ላይ ፈረሶቹ የመጨረሻውን ኩርባ ዞረው ባዝራዋ በውጪ በኩል ጭቃ እየረጨች ስትመጣ፣ ላሙሳ እንደለወጣት ጨርሶ ረስቶ ነበር። ለጥቂት ቅጽበት አሸናፊ ነበር። እየጮኸ፣ እየዘለለ፣ በዚያች ጥቂት ቅጽበት ውስጥ ሁሉንም አስቦ ጨርሷል። ለማንም አልናገርም። ለኦዴት ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳርቻው አገር ሄድኩ እላታለሁ። አንድ አዲስ መኪና፣ ሁለት ፍሬን ያለው፣ በሩ ላይ የራሱ ስም የተጻፈበት፤ ከዚህ ሰፈር ርቆ፣ የአታናዝ ስልክ የማይደርስበት ከተማ። በዚያ ሁሉ ሐሳብ ውስጥ ይህ ወንበርና እነዚህ ትራሶች አልነበሩም። ረስቷቸው እንኳ አይደለም፤ አይቷቸው ነው ያለፋቸው። ከዚያ ሦስት ቁጥር ትዝ አለው።

አፉን ዘጋው። እጁ ወደ አንገቱ ሲሄድ ተሰማውና ጉልበቱ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

አታናዝ፣ ድል የእሱ ሆኖ ሳለ፣ ዓይኑን ከእናቱ ትራሶች ላይ አነሳ። ምናልባት እሱም የራሱን መልስ ፈልጎ ይሆናል። ከግድቡ ማዶ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል።

«ገንፎ አቅርቡለት» አለች እናቱ። «ዛሬ እህል አልቀመሰም።»

የአታናዝ ሚስት የማሽላውን ገንፎ ከባሚያ ወጡ ጋር አምጥታ ፊቱ መሬት ላይ አስቀመጠች። ገንፎው በትልቁ ሳህን ነው የቀረበው፤ ሁሌም በዚህ ሰዓት መላው ቤት ከብቦ የሚበላበት ሳህን ነው። ላሙሳ እጁን ታጥቦ ጠበቀ። ማንም ወንበሩን አላስጠጋም። ኦዴት ሻንጣዋን እንደያዘች ነው። ቆርሶ፣ ወጡ ውስጥ ነክሮ ጎረሰ። ርቦት ስለነበር ጣፈጠው፤ መጣፈጡም አሳፈረው። እንደገና ቆረሰ።

ፀሐይዋ ከዛፉ ቅርንጫፍ ሥር ገብታ አሮጊቷን ዓይኗ ላይ መታቻት። «ወደ በሩ አዙሩኝ» አለች። አታናዝ በአንድ በኩል፣ ኦዴት ሻንጣዋን ጥላ በሌላው በኩል፣ ከነወንበሯ ሊያነሷት ጎንበስ አሉ። ከበዳቸው። ላሙሳ ብድግ ብሎ ወደ ኋለኛው እግር ሄደ።

«ተወው» አለው አታናዝ። «እጅህ ገንፎ ነው።»

ላሙሳ እጁን ከሱሪው አርቆ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ቆመ። እነሱ እየተነፈሱ፣ አንዴ እያስቀመጡ፣ አንዴ እያነሱ፣ እናቱን ቀስ እያደረጉ አዙረው ጀርባዋን ሰጡት።